በአይዳሆ በረሓ ስለ ተሠሩት ሁለት ፈጣን ሪአክተሮች የተጻፈ ዜና

በ1944 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 1951 በተባለው ዕለት፣ በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት፣ አርኮ ከምትባል ታናሽ ከተማ አጠገብ ባለው በረሓ፣ ትውልዱ ካናዳዊ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ዚን ከባልደረቦቹ ጋራ ቆሞ የአቶም ሙቀት ኤሌክትሪክ ሲሆን አየ። ከጄኔሬተሩ አጠገብ የተንጠለጠሉት አራት አምፑሎች፣ እያንዳንዳቸው 200 ዋት የሆኑ፣ ቦግ ብለው በሩ። ነገሥታት እንዲህ ያለውን ቀን ሐውልት አቁመው ያስታውሱት ነበር፤ እነዚህ ግን ስማቸውን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያን ሙቀት የሰጠው ሪአክተር ስሙ ኢ.ቢ.አር. አንድ ነው፤ ነዳጁ የተከማቸበት ልቡም ከእግር ኳስ የማይበልጥ ነበረ። በሌሎቹ ሪአክተሮች ኒውትሮን የተባለው ረቂቅ ነገር በውሃ ወይም በግራፋይት ውስጥ እያለፈ ፍጥነቱን እንዲያበርድ ሲደረግ፣ በዚህኛው ግን በተፈጥሮ ፍጥነቱ ስለሚተው፣ በቀላሉ የማይነደውን ዩራኒየም 238 ወደ ፕሉቶኒየም እየለወጠ፣ ካቃጠለው የማያንስ አዲስ ነዳጅ ያስገኛል፤ ይህም በ1945 ዓ.ም. በልኬት ተረጋግጦ ተነገረ። ውሃ ኒውትሮኑን ስለሚያዘገይ፣ ሙቀቱን የሚቀበለው የሶዲየምና የፖታሲየም ፈሳሽ ቅይጥ ሆነ፤ እርሱም አየር ሲነካው የሚነድ፣ ውሃ ሲነካው በኃይል የሚቆጣ ነው።

ከዚህም በኋላ፣ ዘመኑ ዞሮ ዳግመኛ ዘመነ ዮሐንስ በሆነ ጊዜ፣ ኅዳር 19 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ሊቃውንቱ ሪአክተሩ ሲግል ኃይሉ ለምን እንደሚጨምር ለመመርመር የማቀዝቀዣውን ፍሰት ሆን ብለው አቆሙ። ኃይሉ ባልታሰበ ፍጥነት ሽቅብ ወጣ፤ አጥፋው የሚል ትእዛዝ ቢሰጥም፣ ረዳቱ ነገሩን ሳይረዳ በፈጣኑ ማጥፊያ ፈንታ ዝግ ብሎ የሚሠራውን ነካ፤ በእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከልቡ እኩሌታ የሚጠጋው ቀለጠ። ሰው አልተጎዳም። ወሬው ግን ለሕዝቡ ዘግይቶ ነበር የደረሰው፤ ይህም የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ምርመራው ያሳየው ምክንያት እንዲህ ነው፤ ቀጫጭኖቹ የነዳጅ ዘንጎች ሲግሉ ወደ ውስጥ እየጎበጡ እርስ በርሳቸው ይቀራረቡ ነበር፤ በተቀራረቡም ቁጥር እሳቱ ይበረታ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ልብ ዘንጎቹ እንዳይጎብጡ ተደግፈው ቢሠሩ፣ ያ ጠባይ ጠፋ።

ታላቁ ተከታይ፣ ኢ.ቢ.አር. ሁለት የተባለው፣ 62.5 ሜጋዋት ሙቀትና 20 ሜጋዋት ያህል ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ልቡና ፓምፖቹ ከ300 ሺህ ሊትር በላይ በሆነ የቀለጠ ሶዲየም ውስጥ ጠልቀው ይኖሩ ነበር። ብዙ ዓመት በጸጥታ አገለገለ።

መጋቢት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዕለቱ ሐሙስ፣ ሪአክተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሳለ፣ አደጋ ሲመጣ በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ አስቀድሞ እንዳይሠራ ተደርጎ፣ ፓምፖቹ ለሙከራ ሲባል ቆሙ። ሠራተኞቹ እጃቸውን ሰብስበው መለኪያዎቹን ብቻ ይመለከቱ ነበር። የሶዲየሙ ሙቀት በአንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠጋ፤ ሶዲየም የሚፈላው ግን ከ880 በላይ ነው። የጋለው ብረት ሰፋ፤ በመስፋቱም ብዙ ኒውትሮን ወደ ውጭ አመለጠ፤ እሳቱ ያለ ሰው እጅ ከሰመ፤ የቀረውንም ሙቀት ሶዲየሙ በገዛ ራሱ እየተዘዋወረ ወሰደው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀት የሚወጣበትን መንገድ ቢዘጉት ሪአክተሩ እንደ ማለዳው በረደ። በማሽን ላይ እምነት የሚጥል ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህን ሙከራ ከማድነቅ አልቆጠብም። ከ23 ቀን በኋላ በዩክሬን ምድር የቼርኖቢል ሪአክተር፣ በጠባዩም በአሠራሩም ከዚህ የተለየው፣ ፈነዳ፤ ዓለምም ስለዚያ ብቻ አወራ።

ኢ.ቢ.አር. ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት በጀቱን ከልክሎት መስከረም 20 ቀን 1987 ዓ.ም. ተዘጋ። ከፕሉቶኒየም የጦር መሣሪያ ይሠራል የሚለው ሥጋት ከመዘጋቱ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ከዚያም ሶዲየሙን ቀድቶ በኬሚስትሪ ማብረድ ራሱን የቻለ የብዙ ዓመት ሥራ ሆነ።