የመኪና ዕዳ በጭስ ማውጫው ብቻ አይቆጠርም

ለረጅም ዘመን መኪና የሚመዘነው በዋጋው፣ በጉልበቱና በፍጥነቱ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ ቶማስ ሚድግሌይ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውህድ ሲጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚያቆም ደረሰበት። በ1924 ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤይዌይ ማጣሪያ ውህዱን ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። ሽያጩ ግን ቀጠለ። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመኪና መሸጥ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ስትሆን፣ ያቆመችውም በ2021 ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ትርፉ ሲመዘገብ ጉዳቱ ሳይመዘገብ ኖረ።

አንድን ዕቃ ከጥሬ ዕቃው እስከ መጣያው ድረስ የመቁጠር ሐሳብ የመጣው ከመኪና አይደለም፤ ከለስላሳ መጠጥ ዕቃ ነው። በ1969 ኮካ ኮላ በአሜሪካ የትኛው የመጠጥ መያዣ አነስተኛ ሀብት እንደሚፈጅና አነስተኛ ብክለት እንደሚያስከትል አስጠና። ዘዴው እያደገ ሄዶ በ1997 አይኤስኦ 14040 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት።

ይህ ሚዛን መኪና ላይ ሲያርፍ ጥያቄው ይለወጣል። ብረቱ ሲቀልጥ፣ ባትሪው ሲሠራ፣ ነዳጁ ሲጣራ፣ መኪናው ሲነዳ፣ በመጨረሻም ሲፈራርስ ምን ያህል ጉዳት አደረሰ? የጭስ ማውጫው ምስክርነት ብቻውን እንደማይታመን ደግሞ ቮልስዋገን በ2015 አሳይቷል፤ የናፍጣ መኪኖቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይቶ ልቀታቸውን የሚቀንስ ሶፍትዌር ተገጥሞላቸው ተገኘ።

የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ዕዳ ግን አለበት። በባትሪው ምክንያት ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚን መኪና የበለጠ ካርቦን ተሸክሞ ይወጣል። ዕዳውን የሚከፍለው በመንገድ ላይ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በኤሌክትሪኩ ምንጭ ይወሰናል። አይሲሲቲ የተባለው የጥናት ተቋም በ2021 ባወጣው ስሌት፣ በሙሉ ዕድሜው የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ጋር ሲነጻጸር ልቀቱ በአውሮፓ ከ66 እስከ 69 በመቶ ያነሰ ነው። የድንጋይ ከሰል በሚበዛባት ህንድ ግን ልዩነቱ ከ19 እስከ 34 በመቶ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ስታሳውቅ፣ በዚህ ሚዛን ጠንካራ ክርክር ነበራት፤ ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ነውና። በመንዳት ዘመኑ ትርፉ ግልጽ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ገጾች ግን አብረው መነበብ አለባቸው። የመጀመሪያው ገጽ የሚጻፈው በሌላ አገር ነው፤ ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ይወጣል፣ ባትሪውም በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ይመረታል። የመጨረሻው ገጽ ግን የሚጻፈው እዚሁ ነው። ዛሬ የገባው ባትሪ አንድ ቀን ይደክማል። ማን ይረከበዋል? የት ይፈታል? ወጪውን አስመጪው ይችላል ወይስ የመጨረሻው ባለቤት?

እርሳስን ከቤንዚን ለማውጣት መቶ ዓመት የፈጀው ጥያቄው ዘግይቶ ስለተነሳ አልነበረም። በ1924 ሬሳ እየወጣ ተነስቶ ነበር፤ መልስ መስጠት ያለባቸው ግን ዝም አሉ። የባትሪው ጥያቄ ዛሬ ገና ሬሳ ሳይወጣ ሊመለስ ይችላል።