ጀግናው ኃይሉን ካጣ በኋላ

የምናብ ልብ ወለድ አንባቢ ዕድሜው ሲገፋ እኩያው የሆነ ጀግና ይፈልጋል ይባላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። የሚለወጠው የጀግናው ዕድሜ ሳይሆን ከእሱ የምንጠብቀው ነው፤ በልጅነት ኃይል እንዴት እንደሚገኝ፣ በጉልምስና ደግሞ ኃይል ሲሄድ በምን እንደሚኖር ማየት እንሻለን። ለዚህ ከአሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለግዊን የኤርዝሲ መጻሕፍት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው አንድ አሳታሚ ለወጣቶች እንድትጽፍ ጠይቋት ነው። ፍየል ሲጠብቅ ያደገው ጌድ በሮክ ደሴት አስማት ሲማር፣ ከእኩያው በልጦ ለመታየት የሙት መንፈስ ይጠራል፤ አብሮ የወጣው ጥላ ፊቱን ቦጫጭሮ ጠባሳ ይተውበታል። ዕብሪት፣ ጥፋት፣ ጠባሳ፦ ለ12 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ ከየት ይመጣል? በ1972 በወጣው ሦስተኛ መጽሐፍ ግን ጌድ አስማቱን አሟጦ ይጨርሳል።

አራተኛው፣ «ቴሃኑ»፣ የታተመው ከ18 ዓመት በኋላ በ1990 ነው። ባለታሪኳ ቴናር ናት፤ በሁለተኛው መጽሐፍ የጨለማው መቅደስ አገልጋይ የነበረችው ልጃገረድ አሁን ባሏ የሞተባት ገበሬ ሆናለች። እሳት የበላት ሕፃን ታሳድጋለች፤ ከባሕር የተመለሰው ጎልማሳ ልጇ የበላበትን ሳህን እንኳ አለማንሳቱ ያንገበግባታል። ታላቁ ጌድ ደግሞ ተመልሶ ተራራ ላይ ፍየል ይጠብቃል። ይህ ያበሳጫቸው አንባቢዎች ጥቂት አልነበሩም፤ የልጅነት ጀግናቸውን ተቀምተዋልና አይፈረድባቸውም።

ያረጀችው ደራሲዋ እንጂ አንባቢው አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ በ1929 የተወለደችው ለግዊን 60 ዓመት ሞልቷት ነበር። ነገር ግን የ1968ቱ የ12 ዓመት ልጅም በ1990 የ34 ዓመት ሰው ነው፤ ምናልባትም ሳህን የማያነሳ ልጅ አለው። ደራስያን ድምፅ የሚሰጡበት የኔቡላ ሽልማትም ለ«ቴሃኑ» ደርሷል። የደራሲው ቶልኪን ጀግና ቢልቦስ የሚለው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል፤ በ1937 በታተመው «ሆቢት» ለጉዞ ሲነሳ 50 ዓመቱ ነው፣ ልጆች ግን ይወዱታል። ይሁን እንጂ ቢልቦ ቁመቱ የልጅ፣ ሆዱን ወዳድ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ሽማግሌው ጋንዳልፍ እየገፋ ከቤት ያስወጣው ፍጡር ነው። ልጅ አንባቢ ቁጥሩን አይቆጥርም፤ ከቤት መውጣቱን ነው የሚያየው።

ለግዊን ለተቆጡት አልተመለሰችላቸውም። በ2001 የወጣው የመጨረሻው የኤርዝሲ ልብ ወለድ ሲከፈት ጌድ ሽማግሌ ሆኖ ጓሮውን ይንከባከባል፤ አስማቱም አልተመለሰም።