ስሙ ያልተጠራ ተሳፋሪ

ባሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በነሐሴ፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ በሚፈስበት ወቅት ነበር። ከጎሬ ደጋ ቁልቁል የወረደው አውቶቡስ ጋምቤላ ከተማ ላይ ሲያራግፈን፣ የደጋ ሹራቤን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ በቀጥታ ወደ ወንዙ ዳር ሄድኩ። እዚያ ሻይ የሚያፈሉ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ውኃው የሚቀዳው ከባሮ ነው።

«እናቴ፣ በደንብ ፈልቷል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሻይ ሳይፈላ ይሆናል እንዴ?» አሉና ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነበር፤ ሻዩ ፈልቷል። ያልፈላው ብርጭቆው የተለቀለቀበት ሳፋ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ይህን ልብ ያልኩት ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሼ ሦስተኛውን ካዘዝኩ በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ስለ ጋምቤላ ያየሁት ነገር ቢኖር የማደሪያዬ ጣሪያ ብቻ ነው። ታሪክ ልጽፍ ሄጄ ሆዴ ታሪክ ሆነ።

በአራተኛው ቀን የማደሪያው ባለቤት ጊዜ ማሳለፊያ ይሆነኛል ብለው አንድ የቆየ የውጭ አገር መጽሔት አመጡልኝ። በውስጡ ያገኘሁት ጽሑፍ ስለ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ነበር። ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ሰው የሚጭኑ፣ ሲኒማና መዋኛ ያላቸው፣ በባሕር ላይ የሚሄዱ ከተሞች ናቸው። እነዚህ መርከቦች በየዓመቱ በአንድ የሆድ በሽታ ይቸገራሉ። ኖሮቫይረስ ይባላል። ስሙ የመጣው ኖርዎክ ከምትባል በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከምትገኝ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጅምላ ሲያስመልሳቸው፣ ከአራት ዓመት በኋላ አልበርት ካፒኪያን የሚባል ተመራማሪ ተሕዋሲውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ሰው በቫይረሱ ከተያዘ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይሰቃያል፣ ከዚያ አብዛኛው ሰው ይድናል። ለማስተላለፍ እጅግ ጥቂት ተሕዋስያን ይበቁታል። ሰው ሁሉ በኪሱ የሚይዘው የአልኮል ቅባትም እምብዛም አይጎዳውም፤ የሚያስወግደው ሳሙናና የሚፈስ ውኃ፣ ዕቃና ወለልን ደግሞ ክሎሪን ነው። ሀብታም በመርከብ ላይ ሆኖ የሚታመመውና እኔ በባሮ ዳር የታመምኩት፣ ተሕዋሲው ቢለያይም፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ዕቃ ሲጠቀም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። አሜሪካን አገር ከሚመዘገቡት የዚህ ዓይነት የሆድ በሽታ ወረርሽኞች በመርከብ ላይ የሚደርሱት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። የሚበዙት በአረጋውያን መጦሪያ፣ በምግብ ቤት፣ በትምህርት ቤት ነው። ታዲያ መርከብ ለምን ስሙ ጠፋ? ቢሉ፣ መርከብ የመናገር ግዴታ ስላለበት ነው። ወደ አሜሪካ ወደብ የሚገባ የመንገደኛ መርከብ ከመድረሱ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ስንት ሰው እንደታመመበት ያሳውቃል፤ ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው ከመቶ ሦስቱ ከታመሙ የመርከቡ ስም ከነኩባንያው ለሕዝብ ይወጣል። የሚቆጥር ብዙ ሕመምተኛ ያለው ይመስላል፤ የማይቆጥር ጤነኛ ይመስላል። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ወደ አገራችን ስንመለስ ታስፈልገናለች።

መርከብና በሽታ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የአድሪያቲክ ባሕር ወደብ የነበረችው ራጉዛ እ.ኤ.አ. በ1377 ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ ሠላሳ ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች፤ በኋላ ቬኒስ ሠላሳውን አርባ አደረገችው፣ «ኳራንቲን» የሚለውም ቃል ከዚያው ከአርባው ወጣ። በሽታ የጫነ መርከብ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅል ነበር። ዛሬ ይኸው ቢጫ ባንዲራ ትርጉሙ ተገልብጦ «መርከቤ ጤነኛ ነው፣ መግቢያ ፍቀዱልኝ» ማለት ሆኗል። እኛም ዘንድ ቢሆን ባንዲራ እየተገለበጠ መነበቡ አዲስ ነገር አይደለም።

በቀይ ባሕር በኩል የነበረው ጣጣ ወደ እኛ ይቀርባል። በሲና በረሃ ዳር ቶር የሚባል የኳራንቲን ጣቢያ ነበር። ከመካ በመርከብ የሚመለሱ ምዕመናን እዚያ ወርደው ይመረመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ከእነዚህ መንገደኞች የተወሰደ የኮሌራ ዝርያ «ኤል ቶር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዢያ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው፣ በ1963 ዓ.ም. አካባቢም አገራችን የገባው፣ እስካሁንም ያልለቀቀን ኮሌራ ይኸው ነው። ስሙን ያገኘው ከመርከብ ተሳፋሪዎች ነው ማለት ነው።

በናይል በኩል ደግሞ እንዲህ ሆነ። እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት በ1888 ዓ.ም.፣ ክረምት ላይ የኪችነር ጦር ናይልን ሽቅብ ይዞ ወደ ዶንጎላ ሲዘምት ኮሌራ ከግብፅ ተከትሎት ገባና ከጠላት ጥይት ይልቅ ፈጀው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1890 ዓ.ም.፣ የጎሬው ገዥ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ሰዎች ባሮንና ሶባትን ቁልቁል ተከትለው ነጭ ናይል ዳር ደረሱ። አብረዋቸው ፈረንሳዮችና አርታሞኖቭ የሚባል ሩሲያዊ መኮንን ነበሩ። ባንዲራ ተከሉ፤ መቆየት ግን አልቻሉም። ደገኛው ጦር በወባና በረግረጉ ውኃ እየተመታ እያለቀባቸው ተመለሱ። ከናይል ዳር የመለሳቸው እንግሊዝ አልነበረም፤ በሽታ ነው። ታሪካችን ግን ጦርነትን እንጂ ተቅማጥን መቁጠር አይወድም።

ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው ማርሻን ከፋሾዳ ለቆ ሲወጣ «ፌደርብ» የምትባለዋን የእንፋሎት ጀልባውን በሶባትና በባሮ ሽቅብ እየነዳ፣ ውኃው አላስኬድ ሲለው ባሮ ላይ ጥሏት በእግሩ ወደ ጎሬ ወጣ። ባሮ መርከብ እንደሚችል እንግሊዞችም ያውቁ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት፣ ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከ2000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ፊት ያለው መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ጋምቤላ ወደብ እንዲህ ተወለደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት በወንዙ ሙላት ይቆጠር ነበር። ባሮ ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት ሲሞላ የሱዳን መንግሥት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው፣ ነጭ ናይልንና ሶባትን አልፈው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ይደርሳሉ። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ ከወለጋና ከኢሉባቦር በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠሩ። ክረምቱ ሲያልፍ ወንዙ ይጎድላል፣ መርከብ ይቀራል፣ ከተማዋ ታንቀላፋለች።

እንግዲህ አስተውሉ፤ መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው። የሆድ በሽታም የሚበረታው በክረምት ነው። ዝናቡ በየሜዳው የተጣለውን እዳሪ አጥቦ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ወንዙም ለአኝዋኩ፣ ለኑዌሩ፣ ለደገኛውም፣ ለመርከቡ ማድጋም አንድ ነው። ያው ወንዝ መንገድ ነው፣ ያው ወንዝ የመጠጥ ውኃ ነው፣ ያው ወንዝ መታጠቢያ ነው። ጋምቤላ ላይ ሰውን የሚያበላውና የሚያሳምመው አንድ ውኃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ በግልጽ የታየበት ጊዜ በ1933 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያንን ለማስወጣት ከቤልጂክ ኮንጎ የመጣው ጦር በሱዳን አቋርጦ ጋምቤላ ደረሰና ወደ ሳዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢ ዶሎ ወጣ። ስንቁ የሚመጣው በሶባትና በባሮ ጀልባ ነው። ስንቅ ሲያጥር ኮንጎዎቹ ወታደሮች በቤሪቤሪና በደም ተቅማጥ ይወድቁ ጀመር። ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ሳዮ የሚል ስም በቤልጂኮች ዘንድ ትልቅ የድል ስም ሆኖ ቀረ፤ ከባሮ እስከ ሳዮ ዳገት በሆድ በሽታ የረገፉት ኮንጎዎች ግን እንኳን እኛ የራሳቸው አገር ልጆችም ብዙ አያነሷቸውም።

ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። የወንዝ ንግዱ እየተዳከመ ሄዶ ቆየና ቆመ።

አሁን ወደያዝነው ነገር እንመለስ። በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ጋምቤላ ክልል ውስጥ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ተነሣ። በክረምቱ ወደ ኦሮሚያና ወደ ሌሎችም ክልሎች ተዛመተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሞተ። በሽታው በይፋ የተሰጠው ስም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር። ሕዝቡ ይህ ረዘመበትና «አተት» ብሎ አሳጠረው። ኮሌራ የሚለው ቃል በመግለጫ ውስጥ አይገኝም።

እኔም ይህን ቃል ተምሬበታለሁ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ፣ በዲፕሎማ የተመረቅኩ ጀማሪ ዘጋቢ ሆኜ በአንድ ቤት እሠራ ነበር። በዘገባዬ ውስጥ «ኮሌራ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ሠርዘው «አተት» አሉና፣ «ልጄ፣ ሐኪም ነህ እንዴ?» አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ያን ቀን ያነጋገርኳት፣ ወንድሟን ቀብራ የመጣች ሴት የጠየቀችኝን መመለስ አልቻልኩም፤ «ስሙን ንገረኝ፤ ስሙን ካወቅሁ ልጆቼን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ» ነበር ያለችኝ።

እውነቱን ለመናገር የመንግሥታት ፍርሃት መሠረተ ቢስ አይደለም። እስከ 1999 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አገሮች ኮሌራን፣ ቸነፈርንና ቢጫ ወባን እንዲያሳውቁ ያስገድድ ነበር፤ ያሳወቀ ግን ብዙ ጊዜ ይቀጣል። በ1990 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በኮሌራ ምክንያት የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችንን ዓሣ አላስገባም ብሎ ነበር። ቡናው ገበያ እንዳያጣ፣ ጎብኚ እንዳይቀር የሚሠጋ ሹም ዝም ቢል ይገባኛል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዶክተር ቴዎድሮስ አድሃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ ሎውረንስ ጎስቲን የተባሉ የሕግ ሊቅ ይህንኑ የስም ነገር በኒው ዮርክ ታይምስ በኩል አነሡባቸው፤ እርሳቸው ክሱን አስተባበሉ፣ ተመረጡም። በ2011 ዓ.ም. በሽታው ዳግም ሲነሣ ባለሥልጣናት ራሳቸው «ኮሌራ» ብለው ተናገሩ። ሰማይ አልተደፋም። ቡናውም ገበያ አላጣም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አተት ምልክት እንጂ ስም አይደለም። የምልክት ሕክምናው እርግጥ አንድ ነው፤ የፈሰሰውን ውኃና ጨው መመለስ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ማንም እናት የምትችለው ነው። ክትባት ለማስመጣት፣ የውኃ ጉድጓድ ለመዝጋት፣ የጎረቤት አገርን ለማስጠንቀቅ ግን ስም ያስፈልጋል። የመዝናኛ መርከቧ ካፒቴን ወደብ ሳይደርስ ስንት ሰው እንደታመመበት ይናገራል ብዬ አልነበር? መናገሩ አሳፍሮት ሳይሆን፣ ወደቡ ሳሙናውንና ክሎሪኑን አዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ነው።

ጋምቤላ ዛሬም ወደብ ናት፤ የሚራገፈው ጭነት ብቻ ተለወጠ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግርና በጀልባ ገቡ። በዚያው ዓመት በለይቹዎር፣ በኩሌና በቲርኪዲ መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ ተነሣ፤ በቆሸሸ ውኃ የሚተላለፍ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን የሚገድል የጉበት በሽታ ነው። ነሐሴ ላይ ለይቹዎር በጎርፍ ተጥለቀለቀ። በ2017 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ደግሞ ኮሌራ ከናሲር አቅጣጫ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ክልሉ ገባ። ወንዙ ፓስፖርት አይጠይቅም።

ጋምቤላን ከመልቀቄ በፊት ሻይ የሚያፈሉትን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። አልወቀስኳቸውም፤ ስለ ሳፋው ብቻ ጠየቅኋቸው። የክሎሪን ብልቃጥ ከጤና ኬላ እንደሚሰጣቸው፣ ሲያልቅ ግን እስኪመጣ ድረስ እንደሚጠብቁ ነገሩኝ።

«ሲያልቅ ለማን ይነግራሉ?» አልኳቸው።

«ለሚጠይቀኝ» አሉና ብርጭቆ አነሡ። «አንተን ልቅዳልህ?»

ከጀበናው የፈላ ውኃ አፍስሰው ብርጭቆውን አለቀለቁልኝ፤ ጠጣሁ። ከፊታችን አንድ ጀልባ ቢጫ ጀሪካኖች ተጭኖበት ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ቁልቁል ይሄድ ነበር።