ረጅም ተሽከርካሪን በከተማ ውስጥ መንዳትና ማቆም

ረጅም ተሽከርካሪን በከተማ ውስጥ መንዳትና ማቆም ተሳቢ የጭነት መኪና፣ ትልቅ አውቶቡስ ወይም መኖሪያ መኪና በጠባብና ሰው በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ የሚጠይቀው የማሽከርከር ችሎታ ነው። መኖሪያ መኪና የሚባለው ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና ሲሆን፣ በተለምዶ «የቤት መኪና» ከሚባለው አነስተኛ አውቶሞቢል ጋር መምታታት የለበትም። በሰሜን አሜሪካ ትልልቆቹ ከ12 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። በኢትዮጵያ ብዙም የማይታይ ስለሆነ ሙያው በአብዛኛው ያለው በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ሾፌሮች እጅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች።

ቁልቁለቱና ፍሬን

ሸዋ ሮቢት በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በይፋት ቆላ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መኪና ጉም በሚበዛበት ጣርማ በር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው ዋሻ በኩል አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ይወርዳል። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን ከተማዋ ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው 50 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ነው።

በመሆኑም ከባድ መኪና ሮቢት ሲገባ ፍሬኑ ግሎ ሊሆን ይችላል። የጋለ ፍሬን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከተማ ደግሞ በድንገት መቆም ከየትኛውም ቦታ በላይ የሚያስፈልግበት ነው። መፍትሔው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ኃይል እየተያዙ መውረድ ነው። የጎማ ነፋስም በደብረ ብርሃን ብርድ ከተለካ ቆላ ሲደርስ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጎማው እንደጋለ ነፋሱን ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናልና።

መታጠፍ

መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ማዕዘኑ ይጠጋል። የፊቱ አክስል 10 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ቢዞር፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል 6 ሜትር ርቀት ያለው መኪና የኋላ አክስሉ በ8 ሜትር ይዞራል (10² − 6² = 8²)። ይህም 2 ሜትር ይቆርጣል ማለት ነው። ርቀቱ 2.5 ሜትር የሆነ አውቶሞቢል ግን የሚቆርጠው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አውቶሞቢል የለመደ ሰው ዓይኑ ያታልለዋል፤ በማዕዘኑ ላይ የቆመ እግረኛ ወይም ባጃጅ የመኪናው አፍንጫ አልፎት ሳለ በኋላ ጎማ ሊያዝ ይችላል። ከኋላ አክስል አልፎ የሚወጣው ጅራት ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይወዛወዛል፤ 3 ሜትር ጅራት ያለው ከላይ የተጠቀሰው መኪና ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወጣል። ልምድ ያለው ሾፌር ወደፊት ገፋ ብሎ ዘግይቶ ይሰብራል፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ ይቃኛል።

በከተማው ውስጥ

እንደ ብዙዎቹ የአውራ ጎዳና ከተሞች ሁሉ በሸዋ ሮቢትም አስፋልቱ ራሱ ዋናው የከተማ መንገድ ነው። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪ፣ ለምሳ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ከተሳቢው ጋር አንድ መንገድ ይጋራል። ወደ ሰሜን ሲቀጠል በምትገኘው ሰንበቴ ገበያው እሑድ ስለሚቆም በዚያ ቀን ግመልና ከብት ይበዛል። ግመልን በጥሩምባ ማስበርገግ አይበጅም፤ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም።

ማቆም

የሚቆምበት ቦታ ከተማ ሳይገባ ቢወሰን ይሻላል፤ ዋናው ጥያቄም «እገባለሁ ወይ?» ሳይሆን «እንዴት እወጣለሁ?» ነው። ሰፊ ግቢና ዘበኛ ያለው ሆቴል ይመረጣል። በበሩ ከመግባት በፊት ወርዶ በእግር ማየት፣ በተለይም ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦና የቅርንጫፍ ከፍታ መመልከት ያስፈልጋል። ወደኋላ ሲኬድ ረዳቱ በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቆማል። «ና! ና!»፣ «ስበር»፣ «መልስ» የሚሉት ጥሪዎች በየመናኸሪያው የታወቁ ናቸው፤ የሞተር ድምፅ ሊውጣቸው ስለሚችል ግን የእጅ ምልክት ይታመናል። ረዳቱ ከዓይን ከተሰወረ መቆም ግድ ነው። ከቁልቁለት የገባ መኪና በእጅ ፍሬን ብቻ አይተውም፤ ጎማው በታኮ ይያዛል።

ሌሊት በአስፋልት ጠርዝ ላይ ያለ መብራት የቆመ ተሳቢ ለሚመጣው መኪና ግድግዳ ነው። የተበላሸ መኪና በሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት መጠቆም ሲገባው ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍና ድንጋይ ይደረደርለታል፤ መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ ለሞተር ሳይክልም አደጋ ይሆናል።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ከባድ የጭነት መኪኖች ቀን ቀን በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ተጥሏል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለች ከተማ ግን አውራ ጎዳናው በመሃል ስለሚያልፍ ጭነቱን በሰዓት መለየት ይከብዳል።