ከቀበሌ አዳራሽ እስከ ቃሊቲ፦ የምርጫ ሳጥን የት እንደሚቀመጥ ለምን ያሳስበናል?



«የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶቻችን ደጋግመን እንሰማለን። ስለ ፓርላማ ሲወራ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል፤ ወረዳና ቀበሌ ሲባል ግን ብዙዎቻችን ጉዳያችን አይመስለንም። ዛሬ ጥያቄውን በታሪክ እንመልሰው።

መነሻችን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። በቅርብ ታሪካችን ሁለት ጊዜ፣ ሕዝብ «ይወክሉኛል» ያላቸው ሰዎች ወደዚያ ግቢ ገብተዋል። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ምክር ቤት ምርጫ ጋር፣ ሁለተኛው ከእኛው ከመጅሊስ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ቀበሌ አለ።

🔹 ቀበሌ ከየት መጣ?

ቀበሌ በከተሞቻችን የተመሠረተው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። በወረቀት ላይ ሲታይ ነዋሪው የራሱን ሰዎች መርጦ ሰፈሩን የሚያስተዳድርበት ማኅበር ነበር። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶች በእጁ ነበሩ። የራሱ የፍርድ ሸንጎም ነበረው፤ ስኳርም በራሽን የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀ። በቀይ ሽብር ዘመን የአሰሳና የእስር ቦታ ሆነ። ወላጆቻችን «ቀበሌ ይፈልግሃል» ሲባሉ ለምን እንደሚደነግጡ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ደርግ ወደቀ፤ ቀበሌ ግን አልወደቀም። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የነዋሪነት ማስረጃ የሚጽፈው፣ ማን የት እንደሚኖር የሚያውቀው እሱ ሆኖ ቀጠለ። አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ስሙ «ወረዳ» ቢሆንም የነዋሪው ጉዳይ ያው እዚያ ነው። ስለዚህ የምርጫ ሳጥን ቀበሌ አዳራሽ ሲቀመጥ፣ መራጩ ነገ ለመታወቂያ እድሳት የሚሰለፍበት ግቢ ውስጥ ነው የሚመርጠው።

🔹 137 ከ138፣ ሁለት ጊዜ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ለፓርላማም ለከተማው ምክር ቤትም ድምፅ ሰጠ። ከተማዋ 23 የምርጫ ክልሎችና 138 የምክር ቤት ወንበሮች አሏት፤ ብናካፍለው ለአንድ ክልል 6 ወንበር ይደርሳል። ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች፣ ከምክር ቤቱም 137ቱን አሸነፈ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ነበሩ።

ነገር ግን በአገር አቀፍ ውጤቱ ላይ የተነሳው ውዝግብ ከረረ፤ ቅንጅትም ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከተማዋን እንዲመሩ የተመረጡት ሰው በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ቃሊቲ ውስጥ ቆዩ። «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የጻፉትም እዚያው ነው። ከተማዋን ደግሞ ከግንቦት 1998 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት የሰየመው ባለአደራ አስተዳደር በአቶ ብርሃነ ደሬሳ መሪነት ተረከበ። እስረኞቹ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። አዲስ አበባ ላይ ኢሕአዴግ ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩ ያው ነው፤ አሸናፊው ግን ተገልብጧል።

በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? የተቃዋሚው ጎራ በእስርና በመከፋፈል ተዳክሞ ነበር። ገዢው ፓርቲ ደግሞ ከ1997 አንድ ትምህርት ወስዷል፦ ከታች ያልያዝከው ከላይ አይጸናም። የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫዎች ከ15 አካባቢ እስከ 300 ከፍ እንዲሉ ተደረገ። በመላ አገሪቱ ለ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበሮች ምርጫ ተካሄደ። ተቃዋሚዎች ያገኙት ሦስት ወንበር ነው። ሦስት ሺህ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት! ይህን ያህል ወንበር የሚሞላ እጩ ማቅረብ የሚችል ሌላ ፓርቲ አልነበረም። በየሰፈሩ ሰው ያለው ፓርቲ ምርጫው ሳይጀመር አሸንፎ ነበር።

🔹 የመጅሊሱ ሳጥን የት ይቀመጥ?

አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት አደባባይ ወጡ፤ መጅሊስም በ1968 ተመሠረተ። ሆኖም መሪዎቹን ማን ይመርጣል የሚለው ጥያቄ ለአስርተ ዓመታት አልተመለሰም።

በጥር 2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» ሦስት ጥያቄዎችን አነገበ። አሕባሽን በግዳጅ መጫን ይቁም፤ የመጅሊስ አመራር በሕዝበ ሙስሊሙ ይመረጥ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ አንድ ቁልፍ ነጥብ ነበር፦ ምርጫው በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን።

ብዙዎች ያኔ «ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?» ብለው ነበር። ከላይ ያየነው ታሪክ መልሱን ይሰጠናል። መስጂድ ውስጥ ጀመዓው ይተዋወቃል፤ ማን ዓሊም እንደሆነ፣ ማን አማና ጠባቂ እንደሆነ ያውቃል። ቀበሌ ላይ ግን መዝጋቢው የመንግሥት መዋቅር ነው፤ መራጩም መዝጋቢውን ይፈራዋል።

በእርግጥ በሌላ በኩል የሚነሳ ፍትሐዊ ጥያቄ አለ። ቀበሌ ለወንዱም ለሴቱም እኩል ክፍት ነው፤ ብዙ መስጂዶቻችን ግን ለሴቶች በቂ ቦታ የላቸውም። ይህ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን መስጂዱን ለእህቶቻችን ማስፋት እንጂ ሳጥኑን ወደ ካድሬ ቢሮ መውሰድ አይደለም።

በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። እነሱ እስር ላይ እያሉ፣ መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ተካሄደ። በቀጣዩ ወር በ29 ሰዎች ላይ በፀረ ሽብር ሕጉ ክስ ተመሠረተ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ጥፋተኛ በተባሉት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። አቡበከር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት ተበየነባቸው። ያኔ ቃሊቲ ለብዙ ቤተሰብ የዚያራ መንገድ ሆኖ ነበር። አሕመዲን ጀበልን ጨምሮ ቀሪዎቹ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ።

🔹 ከዚያ ወዲህ

ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው የነበሩት፣ በኋላም ዳግም ወደ ቃሊቲ የተመለሱት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የ2013ቱንም ምርጫ መሩ። መጅሊስ በሰኔ 2012 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በነሐሴ 2017 በተካሄደው የመጅሊስ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው በመስጂዶች ነው። ሰዎች ለዓመታት የታሰሩበት ጥያቄ ተራ የአሠራር ጉዳይ ሆኖ ተተገበረ። አልሐምዱሊላህ!

የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ነገር ግን እንዳለ ነው። የመጨረሻው ምርጫቸው በሚያዝያ 2005 ነበር፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ወጣት ዛሬ መታወቂያውን የሚያድስለትን አስተዳደር አንድም ቀን መርጦት አያውቅም።

ወንድሞችና እህቶች! ድምፅ አማና ነው። ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ ሲጠራ «ማን ተወዳደረ?» ብቻ አንበል። መዝገቡን ማን ይዞታል? ሳጥኑ የት ይቀመጣል? ቆጠራውን ማን ያያል? እነዚህን ቀድመን እንጠይቅ። በመስጂዳችን የጀመዓ ኮሚቴ ምርጫም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ከታች ያለውን ትንሽ ምርጫ የናቀ ትውልድ የትልቁን ውጤት ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል።

ወላሁ አዕለም።