በቅኔ አገር ያለ ጆሮ

ጎጃም ውስጥ ሊቅ የሚወጣው በጆሮ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እያልን የምንቆጥራቸው የትምህርት ቦታዎች ስማቸው የገነነው ብራና ስላከማቹ ብቻ አይደለም፤ የኔታ የሚዘርፉትን ቅኔ የቆሎ ተማሪው ሰምቶ ስለሚይዘው ጭምር ነው። ተማሪው ሌሊት ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ዐይኑን መጽሐፍ ላይ ከሚተክልበት ሰዓት ይልቅ ጆሮውን የሚያቀናበት ሰዓት ይበልጣል። «የቃል ትምህርት» መባሉ በከንቱ አይደለም።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው፤ ዐይነ ስውር አያባርርም። ብርሃናቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሰዎች እዚያው አድገው የቅኔና የዜማ መምህር ሆነዋል። በበትር እየተመሩ የመጡት ዐይናማውን መርተዋል። እስቲ ጥያቄውን ገልብጠን እንጠይቅ፦ ከዚያው መንደር ጆሮው የማይሰማ ልጅ ሊቅ ሆነ ሲባል የሰማ ማን ነው? እኔ አልሰማሁም። በሩ ሰፊ ነበር፤ የሚከፈተው ግን በድምፅ ብቻ ነበር።

ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ «ሰማ» የሚለውን ግሥ አንስቼ ተማሪዎቼን ማስጨነቅ እወድ ነበር። «ልጄ ስማ» ማለት ታዘዝ፣ ልብ በል ማለት ነው። «እሱ አይሰማም» ካልን ባለጌ ነው ማለታችን ነው። «ደንቆሮ» የማይሰማም፣ የማያውቅም ነው። «ድንቁርናን እናጥፋ» እያልን ስንፎክር የኖርነው ታዲያ በማን ስም ነው? ሕጉም ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 340፣ መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መምራት ካልቻሉ ለአእምሮ ሕሙማን በተደነገገው ጥበቃ መጠቀም ይችላሉ ይላል። ሕጉ ያሰበው ለመጠበቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ከማን ጎን እንዳስቀመጣቸው ልብ ይሏል።

እንግዲህ ወደ ደብረ ማርቆስ እንሂድ። የቀድሞዋ መንቆረር ይህን ስም ያገኘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው። ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል፣ መስማት የተሳነውና አንደበቱ የተያዘው ሰው የተፈወሰበትን ታሪክ ለብቻው የጻፈውም ይኸው ማርቆስ ነው፤ ምዕራፍ 7 ላይ። ታሪኩን ቀስ ብሎ ያነበበ አንድ ነገር ይታዘባል። ጌታ ሰውየውን ከሰው ግርግር አወጣው፤ በጣቱ ጆሮውን ነካ፤ ምላሱን ዳሰሰ። የፈውሱ ቃል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለማይሰማው ሰው አስቀድሞ በእጅ ተነገረው ማለት ነው። ወላጆቻችን ልጃቸውን ጠበል ይዘው ሲሄዱ ይህን ተአምር ተስፋ አድርገው ነው፤ አልነቅፍም። እኔን የሚከነክነኝ፣ ከተአምሩ በፊት ያለችውን የእጅ ንግግር ለምን ዘለልናት የሚለው ነው።

ዘላዮቹ እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰበ የመምህራን ጉባኤ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ሳይሆን በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ ብሎ ወሰነ። ከ164 ተሰብሳቢዎች ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይሏል ይህ ነው! በብዙ አገር የልጆች እጅ ወደ ኋላ ታስሮ «ተናገር» ተባሉ። የዚሁ ጉባኤ ወራሾች ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ለዚያ ውሳኔ ጸጸታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ!

በእኛ አገር አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ነው። የሆሳዕናው የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1973 ዓ.ም. ተከተለ። የውጭ መምህራን የየአገራቸውን ምልክት ይዘው መጡ፤ ልጆቹም ከራሳቸው ጋር ቀላቅለው ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምንለውን አሳደጉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መስማት የተሳናቸው የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። የአማርኛ የጣት ፊደልም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ይህ ፊደል ሁሌም ያስደንቀኛል። የእጁ ቅርጽ ሆሄውን ይነግራል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግእዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ይለያል። ሰባቱ ቤት በአየር ላይ ተሠራ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባል መሣሪያ መጣ። ጅማሮው እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ውስጥ ነው፤ አንድሬ ዡርኖና ሻርል ኤይሪዬስ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ቀሰቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1978 አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ፣ ጆሮው የሚያስቸግረው አባት ልጅ፣ ሜልቦርን ላይ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን መሣሪያ ተከለ። አሜሪካ ለልጆች የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፁን ተቀብሎ ያቀናብራል፤ በማግኔት ከተጣበቀ ክብ ነገር አልፎ ከቆዳ ሥር ወዳለው ተቀባይ ይልካል፤ ከዚያም ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ውስጥ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነርቩን በኤሌክትሪክ ይነካካል። የተበላሸውን ጆሮ አያድንም፤ በጎኑ ያልፈዋል እንጂ።

ተረታችን «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ይላል። መሣሪያው የተከፈተ ዕለት ግን ሕፃኑ አያብድም፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የሚሰማው የእናቱ ድምፅ መሆኑን ገና አያውቅም። መስማት የአንድ ቀን ተአምር ሳይሆን የዓመታት ትምህርት ነው። ባለሙያ መሣሪያውን ደጋግሞ ይቃኛል፤ ልጁ ቃል በቃል ይለማመዳል፤ ባትሪው ይሞላል፤ ሽቦው ይለወጣል። ሲወለድ ጀምሮ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ ቢዘገይ ዋጋው ይቀንሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ወርቅ ናቸው። በማጅራት ገትር መስማት ላቆመ ልጅማ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል ጥድፊያው ይብሳል።

እስቲ አሁን ጮቄ ግርጌ ያለች አንዲት እናት እናስብ። ልጇ ሁለት ዓመት ሞልቶት ስትጠራው አይዞርም። ጎረቤቷ «ዝም በይ፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ትላታለች። በሦስተኛው ዓመት ጠበል፤ በአራተኛው ጤና ጣቢያ፤ በአምስተኛው ዐባይን ተሻግራ አዲስ አበባ። እዚያ ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር መሣሪያ አለ ይሏታል። በሬዋን ሸጣ አይሞላላት። አገሯ ትመለስና ለጋሽ ትጠብቃለች፤ ተአምር ትጠብቃለች። ልጁም አብሯት ይጠብቃል፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ «ይህ ላም ነው፣ ይህ እሳት ነው፣ እኔ እናትህ ነኝ» ሳይለው። የልጁ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው እንጂ የድምፁ ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ምንም ቋንቋ ሳያገኝ ያደገ ልጅ በኋላ መሣሪያም መምህርም ቢመጣለት ያመለጠውን መመለስ ይከብደዋል።

መሣሪያውን አትመኙ አልልም። ያገኘ ይታደል፤ መንግሥትም የሕፃናትን ጆሮ ገና ሲወለዱ የሚመረምርበትን፣ ዋጋውም የባለጸጋ ብቻ የማይሆንበትን መንገድ ይፈልግ። ግን እጅ መሣሪያን መጠበቅ የለበትም። ምልክት ቋንቋ የተማረ ልጅ ነገ መሣሪያው ቢተከልለት የተሰናዳ አእምሮ ይዞ ይቀርባል፤ ባይተከልለትም ሰው ሆኖ ያድጋል። መካኒሳና ሆሳዕና ያሳዩን ይህንኑ ነው። የጎደለው፣ ይህ ትምህርት ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ከተማ እስኪገባ ሳይጠብቅ ከእናቱ ጓዳ እንዲደርስ ማድረግ ነው። አስቀድሞ መማር ያለባትም እናቲቱ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ካርድ ይዛ ከምትገባበት ቤት፣ ጥቂት ምልክቶችን የምታስተምር ሴት ብትገባ ምን ይከብዳል?

ለዐይነ ስውሩ ልጅ ጆሮው ላይ ትምህርት ቤት የሠራን ሰዎች ነን። ለማይሰማው ልጅ ዐይኑ ላይ መሥራት እንዴት ያቅተናል?