ፈንጣጣን ያጠፋው ጥያቄና መልስ

ዛሬ በልጆቻችሁ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የማታዩት ለምን ይመስላችኋል? በክትባቱ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ያየውን ለባለሙያ ስለተናገረም ነው።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባለ ደጋ መኪና የማይደርስበት መንደር ብዙ ነበር። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ በገበያና በትምህርት ቤት የታመመ ሕፃን ፎቶ እያሳዩ «እንዲህ ያለ በሽተኛ የት አያችሁ?» ይሉ ነበር። ጥቆማው ወደ ሕመምተኛው ቤት ይመራቸዋል፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ይከተባል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ የቆየ ልማድ ነበር። ይህ ብዙዎችን ከከባድ ሕመም ቢጠብቅም፣ ራሱ በሽታውን ያዛምት ነበር። ቤተሰብ ከደበቀ፣ ባለሙያው በሽታው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቸግረዋል።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም ተመዘገበ። በ1972 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ዛሬም እናንተ የምትነግሩን ሕይወት ያድናል፦

• ልጃችሁ ትኩሳትና ሽፍታ ካለው ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።
• የክትባት ካርዱን ያዙ።
• ቤት የሰጣችሁትን መድኃኒት፣ የባህልም ቢሆን፣ አትደብቁ።
• ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ።